«በሩ ተዘግቶ ሳለ ምን አደረጓት?» ፕሮጀክተር አግኝተናል፣ ስለ በሽታ ምን ፊልም እናሳይ?

መምህር_ከገደል_ሥር | ጥቅምት 9፣ ማታ

ሰላም ወገን። ከሰላ ድንጋይ ወዲህ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ፕሮጀክተር ተበረከተለት። ለተማሪ ብቻ ከምናደርገው ለወላጅም ይሁን ብለን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን ጋር ተማከርንና የመጀመሪያውን ምሽት በዓይን ማዝ ጀመርን። ትራኮማ ማለቴ ነው።

ጄኔሬተር ተከራየን። ሁለት ጋቢ አያይዘን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ሰዉ ከጠበቅነው በላይ መጣ። የጥቅምት ብርድ እኛ ጋ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ግን ባናውን ተከናንቦ ቁጭ አለ።

ፊልሙን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። ጥሩ ነው፣ የተሳሳተ ነገር የለውም። እናትየዋ ልጇን ቧንቧ ሥር ወስዳ ፊቱን በሳሙና ታጥባለች። ዝንቡ ይሄዳል። ልጁ ይስቃል። ከዚያ ዓይናቸው ፀጉር የገባባቸው አሮጊት ጤና ጣቢያ ይገባሉ። በሩ ይዘጋል። በሩ ሲከፈት ፈገግ ብለው ይወጣሉ። ሙዚቃ። አለቀ።

ጥያቄ ያለው አልኩ። አንዲት እናት እጇን አወጣች። «መምህር፣ ያ ቧንቧ የት ነው?» ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምሯን ነው። እኛ ውሃ የምንቀዳው ከምንጭ ነው። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ቀጥሎ አንድ እማማ ተነሱ። ወረንጦ በአንገታቸው ክር ላይ አንጠልጥለዋል፤ ሽፋሽፍታቸውን በየሳምንቱ ራሳቸው ናቸው የሚነቅሉት። «በሩ ተዘግቶ ሳለ ምን አደረጓት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ባክቴሪያው ቢጠይቁኝ ሰዓት ሙሉ አወራላቸው ነበር።

እናንተን የምጠይቀው፣ ለደጋ ገጠር የሚሆን የአማርኛ ፊልም የምታውቁ አላችሁ? ደግሞ እኛ ጋ ዋናው ችግር ቁንጭር ነው፤ ያ ፊት የሚያቆስለው የቆዳ በሽታ። በስልክ ራሳችን ብንቀርጽስ? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ጥቅምት 9፣ ሌሊት

መምህር፣ የእማማን ጥያቄ እኔ ልመልስልዎ። ይህን አንብቡላቸው።

አልጋ ላይ በጀርባ ይተኛሉ። የዓይናቸው ቆብ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል። የምታመው ይቺ መርፌ ናት፤ ታቃጥላለች፣ አልዋሽዎትም። ከዚያ ወዲያ ሲጎተት ይሰማቸው ይሆናል እንጂ ሕመም የለም። ቆቡ ይሰነጠቅና ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲመለስ ተደርጎ ይሰፋል። ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ያድራል፣ በማግስቱ ይፈታል። የግድ ዶክተር አያስፈልግም፤ ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል።

ስለ ወረንጦውም ይንገሯቸው። መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል። ግን ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ የዓይኑን ጥቁር ክፍል እየፋቀ ያነጣዋል። አንዴ ከነጣ በኋላ ቀዶ ጥገናው ፋቂውን ያቆመዋል እንጂ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም። ስለዚህ ዛሬ ነገ ማለት አያዋጣም።

እኔ ወባ አገር ነው የምሠራው። ብዙ የወባ ፊልም አይቻለሁ። ሁሉም አጎበር ዘርግቶ ያልቃል። ኳርተም ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ እንደሚወሰድ የሚያሳይ ግን ስንት ነው? ሰዉ በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ያቆመዋል። የተረፈችውን ክኒን ለጎረቤት ያስቀምጣል። ደግነት ነው እኮ የሚመስለው።

እውነቱን_ልናገር | ጥቅምት 10፣ ጠዋት

ሁላችሁም ደስ ትላላችሁ። ፊልም ግን ውሃ አያመጣም። ያቺ እናት ጨረሰችው እኮ። ቧንቧው የት ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ጄኔሬተር ባይከራይ ይሻላል።

ጋሼ_ጣርማበር | ጥቅምት 10፣ ከሰዓት

ልጄ መምህር፣ ዕድሜ ደጉ፣ ይህን ነገር በልጅነቴ አይቼዋለሁ።

ደብረ ሲና ተማሪ ሳለሁ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ። ፊልም የጫነች ላንድሮቨር መጣች። ሜዳው ላይ ነጭ ሸራ ወጠሩ። ነገሩ ስለ ቅማል ነበር። ሸራው ላይ የወጣችው ቅማል በሬ ታህላለች። እግሯ መቆንጠጫ አለው። ሆዷ ውስጥ ደሙ ሲላወስ ይታያል። ያን ሌሊት ከተማው በሙሉ ሲያክ አደረ። እኔም እስኪነጋ አከክሁ። ቅማል የሌለበትም አከከ።

ትምህርቱ ልብስ ቀቅሉ የሚል ነው። እናቴ ሰማች። በማግስቱ በርሜል ጥዳ ሸሚዜን ቀቀለች፣ የአባቴን ተነፋነፍ ቀቀለች። በመጨረሻ ባናው ላይ ደረሰች። ባና መቼም የመንዝ በግ ፀጉር ነው፤ የጣርማ በርን ብርድ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ቀቀለችው። ሲወጣ ተኮማትሮ የሕፃን ማዘያ አክሏል። አባቴ ዘርግቶ አየው፣ ደግሞ ገለበጠው፣ ከዚያ «ቅማሉም አለቀ፣ እኛም አለቅን» አለ። ያን ክረምት እንዴት እንዳለፍነው እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ፊልም የሚባል ቃል አይነሳም ነበር።

ሌላ የማስታውሰው የፈንጣጣውን ጊዜ ነው። የዘመቻው ሰዎች በእግርና በበቅሎ ይዞሩ ነበር። በእጃቸው አንዲት ካርድ አለች። ፈንጣጣ ፊቱን የሸፈነው ሕፃን ፎቶ አለባት። «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ይላሉ። በቃ፣ ይህቺው ናት። እረኛም ቢሆን «አዎ፣ ከወንዙ ማዶ» ይላል። አገራችን ላይ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ነው። ያቺ ካርድ ዋጋዋ ስንት እንደሆነ አስቡት።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ጥቅምት 10፣ ማታ

ጋሼ፣ ስለ ባናው ከልቤ አዘንኩ። ግን በሳቅ ሞትኩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ባና አይቀቀልም። መፍትሔው ቀላል ነው። የልብስ ቅማል የሰው ደም ካላገኘች ከሳምንት ብዙ አታልፍም። እንቁላሉ ሊፈለፈል ስለሚችል ሁለት ሳምንት እንበል። ባናውን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ነው። እርግጥ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ምን ይለበሳል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ተራ በተራ ማድረግ ነው።

አሁን ፊልሞቹ የማያሳዩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግርሻ የምንለው የሚያገረሽ ትኩሳት ቅማሏ ስለነከሰች አይተላለፍም። ቅማሏ ስትፈርጥ ነው። ጀርሙ ሰውነቷ ውስጥ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ቅማል ስናገኝ ምን እናደርጋለን? በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሃል ቀጭ! ከዚያ በዚያው ጣት የሚበላንን እናካለን። ጀርሙ በተጫረው ቆዳ ገባ ማለት ነው። ተስቦም ቢሆን መንገዱ ኩሷ ነው፤ አሁንም ማከክ። እና ጋሼ ያዩዋት በሬ የምታህል ቅማል ሳትሆን ሁለት ጥፍር ነበር በትልቁ መታየት የነበረበት።

ሕክምናው ላይም እንዲሁ ነው። ለግርሻ አንድ መርፌ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግን መርፌው ከተወጋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ይቃዣል። ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲያልቁ የሚመጣ ነው። አስተኝተን የምንከታተለው ለዚሁ ነው። ቤተሰብ ግን ቀድሞ የነገረው የለም። «መርፌው ገደለው» ይላል። በሽተኛውን በጋቢ ጠቅልለው ሊያወጡ ሲታገሉኝ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። አንዱ ጊዜ እኔም አልቅሼ ነው ያስቆምኳቸው።

በሩ ተዘግቶ ሳለ የሚደረገው ይህ ነው መምህር። እማማ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት።

የመንዝ_በግ | ጥቅምት 11፣ ምሳ ሰዓት

የመህል ሜዳ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልዘባርቅ።

ይህ ሥራ ከሲኒማ እኩል ያረጀ ነው ማለት ይቻላል። የኤዲሰን ኩባንያ በፈረንጆቹ ከ1910 ጀምሮ ስለ ሳንባ ነቀርሳ አጫጭር ፊልሞች ይሠራ ነበር። በ1943 ደግሞ ዲስኒ የወባ ፊልም ሠራ። የስኖው ዋይት ካርቱን ሰባቱ ድንክዬዎች መጥተው ኩሬ ላይ ዘይት ያፈሳሉ፣ ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ። የተሠራው በዋናነት ለላቲን አሜሪካ ነው። ሀሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚወደውን ፊት አምጥተህ ሥራውን አሠራው።

አፍሪካ ላይ ደግሞ ዊልያም ሴለርስ የሚባል እንግሊዛዊ የጤና ሹም ነበር። ናይጄሪያ ውስጥ ስለ አይጥና ስለ ወረርሽኝ ፊልም ያሳይ ነበር። በኋላ በ1939 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የፊልም ክፍል ሲቋቋም መሪው እሱ ሆነ። ደንቡ ምን መሰላችሁ? ለአፍሪካዊ ፊልም ሲሠራ ቀስ ይበል፣ ትዕይንት ቶሎ ቶሎ አይቀያየር፣ ብልሃት አይብዛበት፤ አለበለዚያ አይገባቸውም።

ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን የቱርክ ድራማ ላይ ማን ማንን እንደከዳ ከእኔ ቀድማ ነው የምታውቀው። ያቺ እናትም ፊልሙ ገብቷታል እኮ! ከሁላችሁም በላይ ነው የገባት። ቧንቧውን አይታ የለም ወይ አለች። ያልገባው ፊልም ሠሪው ነው።

የእኔ ምክር፦ ቦታው የእናንተ ይሁን። ሰዎቹ የእናንተ ይሁኑ። ድምፁ ላይ ተጠንቀቁ፣ ምስል ቢበላሽ ይታለፋል፣ ድምፅ ከተበላሸ ግን ሰው ይነሳል። የደጋ ንፋስ ማይክ ይበላል፤ ስልኩን በካልሲ ሸፍኑት። ሰባት ስምንት ደቂቃ ይበቃል።

እውነቱን_ልናገር | ጥቅምት 11፣ ምሳ ሰዓት

ዲስኒ ውስጥ ገባን ደግሞ። ሰባቱ ድንክዬዎች ሰላ ድንጋይ ቢመጡ በአንድ ሌሊት በረዶ ይሆኑ ነበር።

የመንዝ_በግ | ጥቅምት 11፣ ምሳ ሰዓት

ባና እንሰጣቸዋለን። ያልተቀቀለ።

ጠባሳዬ | ጥቅምት 12፣ ሌሊት

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ቁንጭር የሚለውን ሳይ አላስቻለኝም።

ግራ ጉንጬ ላይ ናት። ሰው ሲያወራኝ ዓይኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚያየው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ቢምቢ የነከሰኝ ይመስል ትንሽ እብጠት ወጣች። አታምም፣ አታሳክክ። ወር፣ ሁለት ወር፣ አደገች። መሃሏ ቆሰለ፣ ዳሩ ደነደነ። አያቴ የሌሊት ወፍ ሸንቶብሽ ነው አለች። የማጭድ ጫፍ አግላ አስነካችው። ለእኔ ብላ ነው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ስታለቅስም አይቻታለሁ። ቁስሉ ብቻውን ቢተው ቆይቶ ይደርቅ ነበር፤ ብዙ ሰው ላይ ዓመትም ይውሰድ ከዚያም በላይ፣ ይደርቃል። ማጭዱ ግን ጠባሳውን እጥፍ አደረገው።

በኋላ ታናሽ ወንድሜን ያዘው፣ አፍንጫው ላይ። ያን ጊዜ አውቀናል። አዲስ አበባ ወሰድነው። መርፌው በየቀኑ ነው፣ ሃያ ስምንት ቀን። ቂጡ ደንድኖ በጎኑ ነበር የሚቀመጠው። አብረውት የጀመሩ ሁለት ሰዎች በመሃል አቋርጠው ወደ አገራቸው ሄዱ። መርፌ ፈርተው እንዳይመስላችሁ። የሚያድሩበት የላቸውም። እኛ አክስት ነበረችን። ያለ አክስት ሃያ ስምንት ቀን አዲስ አበባ እንዴት ይኖራል? ይህን የሚያሳይ ፊልም አላየሁም።

መምህር፣ ከፈለጋችሁ እኔ እቀርባለሁ። ለበዓል አገር ቤት እመጣለሁ። ግን ከደህናው ጎኔ አትቅረጹኝ። ደግሞ ዋሽንት አታስገቡብኝ። ጠባሳ ያለው ሰው በታየ ቁጥር ዋሽንት የሚነፋው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ዲያቆን_ተጓዥ | ጥቅምት 12፣ ጠዋት

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ።

እኔ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም እሄዳለሁ። ጠበል ልጠመቅ። እዚያ ፊቱ የቆሰለ ልጅ አይጠፋም፣ የሚያስል ሰውም አይጠፋም። ባለፈው አንድ ወጣት አጠገቤ አደረ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ በሁለተኛው ወር ተወው። «ተሻለኝ፣ ከእንግዲህ በጠበሉ» አለኝ። ስድስት ወር እንደሚወሰድ ያውቃል። ግን ሳሉ ጠፍቷል፣ ሰውነቱም ተመልሷል፤ የቀረው አራት ወር ለምን እንደሆነ የነገረው የለም።

በፊልማችሁ ላይ ጠበሉን የሚያንኳስስ ነገር ካለ ሰዉ ተነስቶ ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ። ደብሩን ጠይቁ፣ ቄስ ይግቡበት። ነገሩ አዲስ አይደለም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከጠበሉ ጋር አብሮ ሊወሰድ ይችላል ብለው ተናግረዋል። እንጦጦ ላይ ሰው ክኒኑን እየጣለ ነበር ያን ጊዜ። ከፓትርያርክ አፍ ሲወጣና ከነርስ አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም፣ ሲስተርን ለመንካት አይደለም።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

አልተነካሁም። እኔም ቄስ ሲናገርልኝ ነው የሚሻለኝ።

መምህር_ከገደል_ሥር | ጥቅምት 14፣ ማታ

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንዳንዱን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችንም አነበብኩላት። የሲስተርን ጽሑፍ ደግሞ እማማ ቤት ድረስ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። «ታቃጥላለች» የምትለዋን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው መሰለኝ፣ ያልዋሻቸው ሰው ስላገኙ።

ለእውነቱን_ልናገር፦ ስለ ቧንቧው ልክ ነህ። ቧንቧ ልሰጣቸው አልችልም። ግን አንድ ነገር ሞከርን። አንድ ሊትር ሃይላንድ ወሰድን፣ ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳነው። ገልበጥ ሲደረግ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ልጆቹን አሰለፍን። እናቶቹ «በአንድ ሃይላንድ የስንት ልጅ ፊት ይታጠባል?» ሲባሉ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አሉ። አሥራ አንድ ልጅ ታጠበ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አለቀ፣ ልጁ ግማሽ ፊቱን ታጥቦ ቀረና አለቀሰ። ያቺ ቧንቧ የጠየቀችው እናት ሃይላንዷን ይዛ ሄደች። ፊልም አልቀረጽነውም፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አሁን የቸገረኝ የአሸዋ ዝንቧ ናት። ቁንጭርን የምታመጣው እሷ ናት። በገደሉ ላይ ያሉት ሽኮኮዎች ጀርሙን ይይዛሉ፣ ዝንቧ ከእነሱ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። መንደራችን ደግሞ ገደሉ ሥር ነው። ልጆች ማታ ማታ እዚያ ነው የሚጫወቱት። ዝንቧን ግን በስልክ እንዴት አሳያት? ከሁለት ከሦስት ሚሊ ሜትር አትበልጥም። እንደ ጋሼ ቅማል በሬ ባሳክላት ሰዉ በሬ የሚያህል ዝንብ ሲጠብቅ ይኖራል።

ጋሼ_ጣርማበር | ጥቅምት 14፣ ማታ

ጤፍ አጠገቧ አስቀምጥ። ጤፍን የማያውቅ የለም።

የመንዝ_በግ | ጥቅምት 14፣ ሌሊት

ጋሼ እኔን ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው።

መምህር፣ እንደ ጋሼ አድርገው። መዳፍ ላይ ሁለት የጤፍ ፍሬ፣ ጎን ለጎን። «ይህን ታህላለች፣ ድምፅም የላትም፣ ማታ ነው የምትወጣው» በል። ዝንቧን ራሷን ማሳየት አያስፈልግህም።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ጥቅምት 15፣ ጠዋት

አንድ ጥንቃቄ። አጎበር ያድናል ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትሉ። ተራ አጎበር ከሆነ በቀዳዳው ትሾልካለች፣ በጣም ትንሽ ናትና። መድኃኒት የተነከረው ይሻላል። ሰው ሳይነገረው አጎበር ሥር ተኝቶ ቢያዘው ሁለተኛ አያምናችሁም።

እውነቱን_ልናገር | ጥቅምት 15፣ ማታ

እሺ፣ የሃይላንዱ ነገር አሸንፎኛል። አሥራ አንድ አልጠበቅሁም።

ግን የምበሳጨው በከንቱ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አባቴ እንዲህ ያለ ፊልም አየ። የት እንደሆነ ልተወው። «ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ይመርመር» ይላል ፊልሙ። አባቴ ሦስት ወር አስሏል። በሌሊት ተነሳን፣ ሦስት ሰዓት በእግር ሄድን። የመመርመሪያው ዕቃ አልቋል፣ የዛሬ ሳምንት ኑ ተባልን። የዛሬ ሳምንት ሄድን። ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል። ሦስተኛ ጊዜ አባቴ እምቢ አለ። «ፊልሙን ሄጄ ልይ፣ እሱ ላይ አለ» አለኝ። በኋላ በወንድሜ ጉልበት ከተማ ወስደን ታከመ፣ ዳነ። ግን ያቺን ንግግሩን አልረሳትም።

ስለዚህ መምህር፣ ፊልሙን ከማሳየትህ በፊት ስልክ ደውል። መድኃኒቱ አለ? ሰውየው አለ? ስንት ቀን ነው የሚሠራው? ከሌለ በዚያ ሳምንት አታሳይ። ዘፈን አሳያቸው።

መምህር_ከገደል_ሥር | ጥቅምት 15፣ ማታ

ይህን ጻፍኩት። መጀመሪያ ገጽ ላይ።

መምህር_ከገደል_ሥር | ኅዳር 24፣ ማታ

ቆየሁባችሁ። ቀርጸን ጨረስን፣ አሳየንም።

ስምንት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ወጣ። ጠባሳዬ ለኅዳር ሚካኤል መጥታ ነበር። ገደሉን ከኋላዋ አድርጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አያቷ ያደረጉትን ተናገረች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጽናት። «ማጭዱ» ስትል እጇ ሳታስበው ወደ ጉንጯ ሄደ። ካሜራ የያዘው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ስልኩ ትንሽ ነቀነቀ። የመንዝ_በግ እንዳይቆርጣት ለምኜዋለሁ።

የሕክምናውን ክፍል የቀረጽነው በፈቃድ ነው፣ አንድ ጎልማሳ መርፌውን ሲወጋ። ፊቱን ጨፍገግ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ «አሥራ አራተኛዬ ናት፣ ግማሽ ደረስኩ» ይላል። አላጠናነውም፣ ራሱ ነው ያለው። ቀጥሎ የሚያድርበትን ክፍል አሳየን። የሚበላውን አሳየን። ለማደሪያና ለምግብ በቀን ምን ያህል እንደሚያወጣ ራሱ ተናገረ። ቄሰ ገበዙ «ጠበሉም መርፌውም» አሉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቶሎ ብለው፣ የእርሻ ሰዓት እንዳያልፍባቸው።

ከማሳየታችን በፊት ደወልኩ። የመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቱ አልነበረም። አላሳየንም። ሰዉ ተሰብስቦ ስለነበር እውነቱን_ልናገር እንዳለው ዘፈን አሳየናቸው፤ ጨፈሩ። በሁለተኛው ሳምንት አለ ተባለ፣ አሳየን።

የጤፉ ቦታ ላይ ሲደርስ ፊት ረድፍ የተቀመጡት ሁሉ መዳፋቸውን አዩ። ባዶ መዳፋቸውን። ይህን ሳይ ጋሼን አሰብኩ።

ጥያቄ ያለው አልኩ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ አንድ አባት «አክስት የሌለውስ?» አሉ። እሱን ተነጋገርንበት፣ እስከ ሌሊት። ዕድሩ በዚህ ጉዳይ ሊገባ ይችል እንደሆነ ሊመክሩበት ነው። አላለቀም። አንዱ የዕድር ገንዘብ ለሞተ እንጂ ለቆሰለ አይደለም አለ። ሌላው ለቆሰለ ቢወጣ ለሞተ የሚወጣው ይቀንሳል አለ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይታያል።

እማማ ገና አልሄዱም። አጨዳው ይለቅ አሉኝ። ወረንጦው አንገታቸው ላይ ነው። ግን ጎረቤታቸውን አብራቸው እንድትሄድ አስምለዋታል፣ እሷም ዓይኗ ጀምሯት ኖሯል።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ኅዳር 24፣ ሌሊት

መምህር፣ ፋይሉ ስንት ሜጋ ነው? እኛ ጋ ኔትወርኩ ቪዲዮ አይጎትትም።

መምህር_ከገደል_ሥር | ኅዳር 25፣ ጠዋት

92። ቅዳሜ ወደ ሸዋሮቢት የሚወርድ ሹፌር አለ፣ በሜሞሪ እልክልሻለሁ።

ጠባሳዬ | ኅዳር 25፣ ጠዋት

ዋሽንት አለበት?

መምህር_ከገደል_ሥር | ኅዳር 25፣ ጠዋት

የለበትም። ንፋስ ብቻ ነው። ካልሲውን ረስተነው።